የሁዳዴ ቁጭ ብድግ

የሺዋስ ቦርጭ አወጣ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ሌላው ሰው ቦርጭ ሲያወጣ ሱሪውን ያሰፋና ኑሮውን ይቀጥላል። የሺዋስ ግን «ሰው ምን ይለኛል» የሚል ሰው ነው። ይህን ጠባዩን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም አንዲት ሴት ለሞት የደረሰችው በቦርጩ ሳይሆን በዚህ ጠባዩ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ሰቆጣ ሲመጣ ቀጭን ነበር። በዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነው፤ ሥራው መቀመጥ ነው። ተቀምጦ ተቀምጦ አንድ ቀን ደረጃ ሲወጣ ቁና ቁና ይተነፍስ ጀመር። ቢሮ ውስጥ «ስንት ወርህ ነው?» እያሉ አሾፉበት። እሱም አብሯቸው ሳቀ፤ ቤቱ ሲገባ ግን መስተዋት ፊት ቆሞ ሆዱን ወደ ውስጥ ሲስብና ሲለቅ አመሸ።

ጌታሰው የሚባለው ልጅ የመጣው ያኔ ነው። አዲስ ተቀጣሪ ነው፤ ባሕር ዳር ሳለ ጂም ይሠራ ነበር አሉ። ደረቱ ሰፊ፣ ሳቅ ከፊቱ የማይጠፋ፣ ሰው ወዳድ ልጅ ነው፤ በእሱ ለመፍረድ አንደበቴ አይታዘዘኝም። ከቢሮው ጀርባ ያለውን አዳራሽ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ፣ ትልቅ ስፒከር ገትሮ፣ ጠዋት ከሥራ በፊት ሠራተኛውን ያዘልል ጀመር። ሁለት ወር ሳይሞላ አዳራሹ ጢም አለ። ይዘሉ የነበሩት ቀጠኑ፤ ያልዘሉት ደግሞ አፈሩ። ካፈሩት አንዱ የሺዋስ ነው።

ብቻውን መሄዱን ግን ፈራ። ሁለት ወር የሠለጠኑ ሰዎች መሀል አንድ አዲስ ወፍራም ሰው ሲገባ አይን ሁሉ እሱ ላይ እንደሚሆን ታየው። ስለዚህ አብሮት የሚያፍር ሰው ፈለገ።

አገኘም። የሺዋስ ተከራይቶ የሚኖረው ቄስ ገብረ ጻድቅ ግቢ ውስጥ ነው። ቄሱ በደብሩ ሲያገለግሉ ጸጉራቸውን ያሸበቱ፣ ንግግራቸው ለስላሳ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ካህን ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አመተ ሥላሴ እዚያው የሺዋስ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራሉ። የጋዝጊብላ ተወላጅ ናቸው፤ ባልና ሚስት ለብቻቸው ሲሆኑ የሚያወሩት በአገውኛ ነው፤ የሺዋስ ዘንድ ሲመጡ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ሴትየዋ ሃምሳን አልፈዋል። ሐኪም «ስኳርዎ ከፍ ብሏል፤ ትንሽ ይንቀሳቀሱ» ካላቸው ቆይቷል፤ የሺዋስም ይህን ያውቃል።

«አብረን ብንሄድስ?» አላቸው አንድ ቀን ከቢሮ ሲመለሱ። «ሐኪሙም ብሎዎታል።»

«እኔ? በሁዳዴ? የቄስ ሚስት ሆኜ ስዘል ልታይ?»

«ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት እኮ ነው። ደግሞስ ማን ያያል፤ የቢሮ ሰው ብቻ ነው።»

«ቄሱስ?»

«እሳቸው በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ናቸው። ማን ይነግራቸዋል?»

እውነቱን ነው፤ ማንም አይነግራቸውም። ቄስ ገብረ ጻድቅ በጾሙ ገና ሳይነጋ ወጥተው ይሄዳሉ። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ትንሽ ቆይተው ይከተሉና በሴቶች በኩል ቆመው ኪዳን ያስደርሳሉ፤ ከዚያ በቀጥታ ቢሮ ይገባሉ። ባል ከመቅደስ ውስጥ ሆነው ሚስት ከውጭ መኖር አለመኖራቸውን አያዩም። መዋሸት እንኳ አያስፈልግም ነበር። አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መንገድ ወደ ቢሮ መንገድ መታጠፍ ብቻ በቂ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ታጠፉ። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ከረጅም ቀሚሳቸው ሥር የልጃቸውን ሱሪ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አስረው ገቡ። የሺዋስ አዲስ ቱታ ገዝቷል። ሁለቱም ከኋላ ጥግ ይዘው ቆሙ።

መጀመሪያ እጅ ማወዛወዝ ነበር፤ አልከፋም። ቀጥሎ እዚያው ቆሞ መሮጥ መጣ፤ ይሄም ታለፈ። ከዚያ ጌታሰው ሙዚቃውን ከፍ አደረገና «ጥንድ ጥንድ ሁኑ! ቁጭ ብድግ ነው! በየተራ፣ ሙዚቃው እስኪያልቅ!» አለ። ቁጭ ብድግ ማለት እኛ ተማሪ ሳለን ያረፈደ ልጅ የሚቀጣበት ነበር። ዛሬ ሰው በፈቃዱ፣ ያውም ቱታ ገዝቶ ይቀጣል።

«ያቃተው ይቁም!» ይላል ጌታሰው በማይክ። ወዲያው ደግሞ «ጓደኛችሁ እንዳይቆም አበርቱት!» ይላል። ሰው የሰማው ሁለተኛውን ነው።

እንግዲህ እኛ ሰው ማበርታትን የተማርነው ማዕድ ላይ ነው። እንግዳ «በቃኝ» ቢል ማንም አያምነውም። ጨዋ ስለሆነ ነው ይባላል። «በሞቴ» ይባላል፤ «አፈር ስሆን» ይባላል፤ እንግዳውም ሆዱ ሊፈነዳ ደርሶም ቢሆን ይጎርሳል። አዳራሹ ውስጥም ሰው አፉ ላይ የመጣለት ይኸው ሆነ። አንዱ ቁጭ ሲል ሌላው ከላይ ቆሞ «በሞቴ! አንዲት ብቻ! አፈር ስሆን!» ይላል። ከውጭ ለሚሰማ ስፖርት ሳይሆን ሰርግ ቤት ነበር የሚመስለው።

የሺዋስ ተራውን እንደምንም ጨረሰ። ላቡ አይኑ ውስጥ ገብቶ፣ ጭኑ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን ጨረሰ። የወይዘሮ አመተ ሥላሴ ተራ ደረሰ። ጥሩ ጀመሩ፤ ስግደት የለመዱ ሴት ናቸውና ወገባቸው ይታዘዛል። መሀል ላይ ግን ቆሙ።

«በቃኝ፣ የሺዋስ።»

«በሞቴ!» አለ እየሳቀ።

ደገሙ። ትንፋሽ አጠራቸው። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«በቃኝ ልጄ። እግሬ ከዳኝ።»

የሺዋስ ዞር ብሎ አየ። ካሉት ጥንዶች ሁሉ ያቋረጠ አልነበረም። የሚቆሙት መጀመሪያዎቹ እነሱ ሊሆኑ ነው፤ እነዚያ «ስንት ወርህ ነው» ይሉት የነበሩት እያዩ። ያን ጊዜ ነው ከአፉ የወጣው።

«ስለ ሥላሴ ብለው!»

ይህን ቃል ሰው በየበሩ ሲለምንበት እንሰማለን። ሌላው ሰው ሰምቶ ያልፈው ይሆናል። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ግን አያልፉም፤ በስማቸውም በቤታቸውም ያለ ነገር ነው። በዚህ ቃል የለመናቸውን ሰው እምቢ ብለው አያውቁም። ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ቁጭ አሉ፤ ተነሡ። ደግሞ ቆሙ፤ «ስለ ሥላሴ!» አለ ደግሞ። ቃሉ እንደሚሠራ ካየ በኋላ እየደጋገመ ተጠቀመበት። ሙዚቃው ሲያልቅ ሴትየዋ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ አዳራሹ አጨበጨበ፤ ጌታሰውም መጥቶ «ጀግና!» አላቸው። የሺዋስ በኩራት ፈገግ አለ።

ከዚያ ተለያዩ። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ግድግዳ እየያዙ መዝገብ ቤት ገቡ። ጾም ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፋቸው አልዞረም። የሺዋስ ደግሞ ጾመኛ ነኝ ብሎ ለሰው ሁሉ የተናገረ ቢሆንም ጾሙ ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የሚደበቅባት አንዲት ምግብ ቤት አለችው። ከጓዳዋ ገብቶ ሁለት ትልልቅ ላስቲክ ውኃ ጨለጠ፤ ሽሮም በላ። አፉን ጠራርጎ ቢሮ ገባ።

በማግስቱ የሁለቱም ጭን አልታጠፍ አለ። የሺዋስ ከአልጋው የወረደው ተንከባሎ ነው። ወደ ግቢው ብቅ ሲል ቄስ ገብረ ጻድቅ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሚስታቸው ግድግዳውን ይዘው አንድ እግራቸውን ወደ ደረጃው ለማንሣት ይታገላሉ።

«ምን ሆነሽ ነው አመተ?»

«እግሬን ነው።»

«ምን አገኘው?»

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ መልስ ሳይሰጡ አቀረቀሩ። ቄሱ ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ስግደት አብዝተሽ ነው አይደል? እኔ ውስጥ ሆኜ አላይሽም፤ እግዚአብሔር ግን ያይሻል።»

አሁንም ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው ደግሞ ትሕትና ሆነ። ቄሱ ዘወር ሲሉ የሺዋስ እግሩን አንፈርክኮ እንደ ዳክዬ ሲራመድ አዩት።

«አንተም?» አሉ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው። «አንተም ልጄ?»

የሺዋስ እዚህ ላይ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፍም ነበር። ራሱን ነቀነቀ። አዎ ማለቱ ነው። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ፤ «ከወላጆችህ ርቀህ፣ በሰው አገር፣ ጾሙን እንዲህ መያዝህ… ይቀበልህ» ብለው ባረኩት። ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ። ቀና ሲል የወይዘሮ አመተ ሥላሴ አይን እሱ ላይ ነበር፤ አይኑን ወደ መሬት መለሰ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፊታቸውን ማየት ፈራ።

ቄሱ ነገሩን ለራሳቸው አልያዙትም። ክፋት የለባቸውም፤ ሚስቱን የሚወድ ሰው ያደርገዋል። ለአገልጋዮቹ ነገሩ፤ ለጎረቤት ነገሩ። ማታ የመጣች ጎረቤት ሁሉ «በረከትዎ ይደርብን» እያለች የወይዘሮ አመተ ሥላሴን ጉልበት ስማ ሄደች። እሳቸውም እያንዳንዱን ምርቃት እንደ ቅጣት ተቀበሉት።

ዓርብ ረፋድ ላይ ከመጸዳጃ ቤቱ ሲወጡ የሺዋስን በሩ ላይ አገኙት። ግራና ቀኝ አዩ።

«ለማን ልንገር፤ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ» አሉ በሹክሹክታ። «ይሄ እንኳ ለልጅ የሚነገር አልነበረም። ሽንቴ ጠቁሯል። ኮካ ነው የሚመስለው። የአንተስ?»

የእሱም የረቡዕ ማታ ሻይ መስሎ ነበር፤ ሐሙስ ግን ጠራ። የሺዋስ ለምን እንደጠራ ሳይገባው አይቀርም።

«የእኔ ደህና ነው» አለ። «ውኃ ይጠጡ።»

«በጾም? ሰው ሁሉ ጉልበቴን ሲስም አምሽቶ በጠዋት ውኃ ስጠጣ ልታይ?» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ለቄሱ ልንገራቸው መሰለኝ የሺዋስ። የት እንደዋልኩ ልንገራቸው። ከብዶኛል።»

አያችሁ፣ ሴትየዋ መንገዱን አግኝተውት ነበር። ግን እሳቸው ከተናገሩ የሺዋስም ራሱን የነቀነቀው በሐሰት እንደሆነ ይታወቃል። የተሳለመው መስቀልም።

«ይቆዩ እስቲ» አለ። «የለመዱት ሁሉ መጀመሪያ ለሁለት ቀን ያማል ነው የሚሉት። ያልፋል።»

አመኑት። የተማረ ሰው ነው።

አላለፈም። ቅዳሜ ማስመለስ ጀመራቸው። የሺዋስ በግድግዳው በኩል ሲያቃስቱ ይሰማል፤ ቄሱ በአገውኛ ሲያባብሏቸው ይሰማል። ምን እንደሚባባሉ አይገባውም፤ «ስግደት» የሚለው ቃል ግን በየመሀሉ በአማርኛ ይወጣል፤ እሷን በሰማ ቁጥር ትራሱን ራሱ ላይ ይጭናል። ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዷቸው፤ በአንድ በኩል ደግፎ የሄደው እሱ ነው። ባለሙያው ጠየቀ፤ ቄሱ መለሱ፤ ስግደት አብዝታ ነው፣ ብርድም ሳይመታት አይቀርም አሉ። የሺዋስ አፉን ከፈተ። ቄሱ ይህን ጊዜ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው «ይሄም ልጅ እንደሷው ነው፤ ወጣትነቱ ያዘለት» አሉ። አፉን ዘጋው። የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወጉ፣ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚሆን ኪኒን ተሰጣቸው፤ ወደ ቤት ተመለሱ።

ሰኞ ጠዋት ፊታቸው አብጦ፣ እግራቸው አብጦ፣ ሽንት ጨርሶ እምቢ ብሏቸው ነበር። ባጃጅ ተጠርቶ ሆስፒታል ገቡ።

ያየቻቸው ዶክተር ማርታ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። ጭናቸውን ገና ስትነካው ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ጮኹ። የደም ውጤት እስኪመጣ ድረስ አልጠበቀችም፤ ወዲያው ጥያቄ ጀመረች።

«ሰሞኑን ምን ሠርተው ነበር?»

«ስግደት ነው» አሉ ቄሱ።

«ስግደት የጀመሩት መቼ ነው?»

«ከልጅነቷ ጀምሮ ነው እንጂ። በየዓመቱ ነው።»

ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። «አባቴ፣ በየዓመቱ የለመደ ሰውነት በስግደት እንዲህ አይሆንም። ይሄ ጡንቻ ተጎድቶ ነው። ሌላ ነገር አለ?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ድብደባ?»

ቄስ ገብረ ጻድቅ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ፊታቸው አመድ ሆነ።

«እኔን ነው? እኔ አመተን?»

«እንዲህ ያለ ጉዳት የምናየው ብዙ ጊዜ በተደበደበ ሰው ላይ ነው። መጠየቅ ሥራዬ ነው» አለች ዶክተሯ። ነርሷ አልጋው አጠገብ ቆማ ቄሱን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። በዚያ አስተያየት ውስጥ የነበረውን ነገር እኔ በጠላቴ ላይ እንዲደርስ አልመኝም። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ «አይደለም፣ አይደለም» ለማለት ሞከሩና ማስመለሱ ቃሉን ቆረጠባቸው። ቄሱ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

«ስፖርት ሠርተው ነው» አለ የሺዋስ።

ሁሉም ዞሩ።

«ረቡዕ ጠዋት። ቢሮ አዳራሽ። ቁጭ ብድግ ነው። እኔ ነኝ ይዣቸው የሄድኩት።»

«ለመጀመሪያ ጊዜ ነው?»

«ለመጀመሪያ ጊዜ።»

«ብዙ?»

«ብዙ። ከለመዱት እኩል።»

«ውኃ ይጠጡ ነበር?»

«ጾም ነው።»

ዶክተሯ በረጅሙ ተነፈሰችና ለነርሷ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና ሌላ ሌላ እያለች ታዝ ጀመር። እያዘዘች አስረዳች፤ ያልለመደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሠልጥኖ እንደከረመ ሰው ሲሠራ ጡንቻው እንደሚፈርስ፣ ከጡንቻው የወጣው ነገር ደም ውስጥ ገብቶ ኩላሊቱን እንደሚዘጋው፣ ሽንቱን የሚያጠቁረውም እሱ እንደሆነ። ውኃ ያልጠጣ ሰው ላይ እንደሚከፋ፣ የሕመም ማስታገሻ መርፌውም እንደሚያብሰው። «የመጀመሪያው ቀን፣ ሽንታቸው ሲጠቁር ብታመጧቸው ኖሮ በውኃ ብቻ ይድኑ ነበር» አለች። ከዚያ አንድ ነገር ያሰበች መሰለች፤ ወደ የሺዋስ ዞረች።

«አንተስ? አብረህ ሠርተህ የለም? አንተን ለምን አላመመህም?»

ዋሽቶ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ወጣት ነኝ ማለት ይቻል ነበር፤ ቄሱ ራሳቸው ብለውለታል።

«ውኃ ጠጥቼ ነበር።»

«መቼ?»

«ያኔው። ጠዋት።»

ቄስ ገብረ ጻድቅ አላዩትም። ወለሉን ነበር የሚያዩት። የሺዋስ የዚያ ክፍል ወለል ተከፍቶ ቢውጠው ይመርጥ ነበር።

ያን ቀን ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ተባሉ፤ ሰቆጣ ላይ የኩላሊት እጥበት የለም። አምቡላንሱ ሲነሣ ቄሱ የሚስታቸውን እጅ ይዘው ከውስጥ ተቀምጠዋል። የሺዋስ ከውጭ ቆሞ በመስተዋቱ አሻግሮ አየ፤ ማንም ወደ እሱ አልዞረም። ግቢው ባዶ በሆነበት ሰሞን በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ጎረቤት «የቄሱ ባለቤት እንዴት ሆኑ?» ብሎ ሲጠይቀው ደህና ናቸው አሉ ይልና ይገባል። ጌታሰው ነገሩን ሰምቶ አልቅሷል፤ አዳራሹን ዘግቶ ሰነበተና አዲስ ገቢዎችን ለብቻ፣ ቀስ እያደረገ ማሠራት ጀመረ። «ያቃተው ይቁም» ካለ በኋላ ዝም ይላል አሁን።

በሆሳዕና ሰሞን ባልና ሚስቱ ተመለሱ። የሴትየዋ ኩላሊት ከነጭራሹ አልሞተም፤ ጥቂት ጊዜ ታጥቦ ሥራ ጀምሯል። ግን ጨው አይቀምሱም፣ ክትትሉ አይቋረጥም፣ ሰውነታቸው ከስቶ ነጠላው ውስጥ ጠፍተዋል። የሺዋስ ሊጠይቅ ገባ። አልጋው ግርጌ ካለው የእንጨት ዱካ ላይ ጫፉን ይዞ ተቀመጠ። ሌላ ጠያቂ አልነበረም፤ ቄሱ ራስጌ ተቀምጠዋል።

ወሬው እዚህም እዚያም ሲል ቆየ። ስለ ባሕር ዳር ሙቀት፣ ስለ መንገዱ። ከዚያ ቄሱ ድንገት፣ ሆዳቸው ውስጥ ሲጉላላ የቆየ ነገር እንደሆነ ከድምፃቸው ያስታውቃል፣ ወደ ሚስታቸው ዞረው ጠየቁ።

«ቆይ አመተ፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ አልተውም። መሄድሽን ትቼዋለሁ፤ ሐኪም ያዘዘሽ ነው። ሲያቅትሽ ለምን አልቆምሽም?»

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ፊታቸውን ወደ ጣሪያው መለሱ።

«እልህ ያዘኝ» አሉ። «ሰው እያየኝ ነው ብዬ።»

«ይሄማ ትዕቢት ነው። በጾም፣ በዚህ ዕድሜሽ፣ ሰው እያየኝ ነው ብለሽ ነፍስሽን?»

«አዎ፣ ትዕቢት ነው።»

«ለንስሐ አባትሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

የሺዋስ ይህን ሁሉ ተቀምጦ ሰማ። የእሱ ስም አልተነሣም፤ አይነሣምም። አንድ ሰዓት ታግሦ «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ቢወጣ ነገሩ እዚያው ይቀበራል፤ ሴትየዋ ያልሠሩትን ትዕቢት ተሸክመው ንስሐ ይገቡበታል። ሆስፒታል ውስጥ የተናገረው ግማሹን ብቻ እንደነበር የሚያውቁት እሱና እሳቸው ብቻ ናቸው።

«አባቴ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «እልህ አልያዛቸውም። ቆመው ነበር። በቃኝ ብለው ነበር። እኔ ነኝ… ስለ ሥላሴ ብዬ የለመንኳቸው። በቆሙ ቁጥር ስለ ሥላሴ እያልኩ።»

ቄስ ገብረ ጻድቅ የሚስታቸውን እጅ ከብርድ ልብሱ ላይ አንሥተው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ታዲያ አንቺ ምን ታደርጊ» አሏቸው ቀስ ብለው። «ይቅር በዪኝ አመተ።»

የሺዋስ ከዱካው ተነሥቶ ቄሱ እግር ሥር ሊንበረከክ ሲል ቄሱ በእጃቸው ከለከሉት። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበራቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«ለእኔ ምን ትለኛለህ? የለመንከው እሷን ነው።»

ዞረ። መስቀሉን ከተሳለመባት ጠዋት ወዲህ የሴትየዋን ፊት አይቶ አያውቅም ነበር፤ አሁን አየ። ጉንጫቸው ጎድጉዷል። ይቅር ይበሉኝ ሊል ከንፈሩን ሲያላቅቅ እሳቸው ቀደሙት።

«የሺዋስ፣ በቃኝ ስልህ ሰምተኸኝ ነበር?»

«ሰምቼዎት ነበር።»

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ አይናቸውን ጨፈኑ።

«እኔ እኮ ሙዚቃው ይጮህ ስለነበር አልሰማኝም ብዬ ነበር» አሉ።